የሽማግሌው ምስክር

«ስድስቱ መስክረዋል፤ የቀረው ያንቺ ሽማግሌ ብቻ ነው» አለ አጣዳፊው፣ ሰላምታውን እንኳ ሳያስቀድም። «ታዲያ ምን እንጠብቃለን?»

«እስከ ማታ ጊዜ አለው» አለችው። ስልኩን በጆሮዋና በትከሻዋ መሀል አጣብቃ የእናቷን ሻይ ታማስላለች።

«ትናንትም ማታ አልሽኝ።»

«የትናንቱ ማታ ሌላ፣ የዛሬው ሌላ። ደንቡን ያወጣኸው አንተ፣ የምትቸኩለውም አንተ!»

አጣዳፊው ሳቀ። ለዓመታት አብረው ሲሠሩ በአካል ተያይተው አያውቁም፤ ስሙንም ያወጣችለት ድምፁን ብቻ ሰምታ ነው። ክፉ ሰው አይደለም። ሻይ እስኪበርድ መጠበቅ የሚያንገበግበው ሰው ነው እንጂ።

የሚሠሩት ፕሮግራም ጽሑፍ ጮክ ብሎ የሚያነብ ነው። ዓይኑ የደከመ ሰው ጋዜጣውን ይሰጠዋል፣ እሱም ያነብለታል። ማንም አይሸጠውም፣ ማንም አይገዛውም፤ ኮዱ ለፈለገ ሁሉ ክፍት ነው። የሚደክሙበትም በየአገሩ የተበተኑ፣ ከዕለት ሥራቸው የተረፈቻቸውን ሰዓት የሚያዋጡ ሰዎች ናቸው። እሷ ራሷ ደመወዝ የምታገኘው ከአንድ የመድን ድርጅት ሲሆን፣ ለዛሬው ቀን ብላ ፈቃድ ወስዳ ቤት ውላለች።

ችግሩ ኮምፒውተርም እንደ ሰው ጠባዩ ለየቅል መሆኑ ነው። ፕሮግራሙ አንዱ ላይ ጥርት አድርጎ ያነባል፣ ሌላው ላይ ይኮላተፋል፣ ሌላው ላይ ጭራሽ አፉን አይከፍትም። ስለዚህ ኮምፒውተሮቹ ለሚሠሩባቸው ሰባት የሲስተም ዓይነቶች አንድ አንድ ምስክር አላቸው። አዲስ እትም ሊወጣ ሲል ምስክሩ ከድረ ገጻቸው አውርዶ ይጭነዋል፣ የሙከራውን ገጽ ያስነብበዋል፤ ከተሳካለት «አነበበልኝ» ብሎ ይጽፋል። ይችው አንዲት ቃል ናት። ምስክር ያለው ሲስተም አይጣልም፤ ምስክር ያጣ በዚያው እትም ይሰናበታል። በኮዱ ውስጥ እጁን ያስገባ ሰው ደግሞ ለራሱ ሥራ ምስክር መሆን አይችልም።

ሽማግሌው የሚሉት ከሰባቱ ሲስተሞች ሁሉ ያረጀውን ነው። የሠሩት ሰዎች እንኳ ረስተውታል። ለእሱ ሲባል እያንዳንዱ ነገር ሁለት ጊዜ ይሠራል፤ አጣዳፊውም በየስብሰባው «አንድ ሽማግሌ እያስታመምን ስድስት ልጅ አስራብን» ይላል። እሷ ግን በገዛ እጇ ሁለተኛውን ሥራ እየሠራች፣ ቅዳሜና እሑዷን እየሰጠች፣ ዓመት ከዓመት አቆየችው። ለምን እንደሆነ ለባልደረቦቿ አልተናገረችም። የሽማግሌው ምስክር ራሱን «አናጺው» ብሎ የሚጠራ ሰው ነው፤ አናጺው ደግሞ ወንድሟ ነው።

ሻዩን ይዛ ገባች። እናቷ ሶፋው ላይ ተቀምጣ፣ ስልኳ በእነሱው ፕሮግራም የጠዋቱን ዜና ያነብላታል።

«ይሄ ሰውዬ ዛሬም አፍንጫው ታፍኗል» አለች እናቷ። «ስንት ዓመት ሙሉ ጉንፋን!»

«በአዲሱ እትም ይሻለዋል፣ እማዬ።»

«አዲሱ ሊወጣ ነው? እንግዲያው ወንድምሽ ጽፎልሻል ማለት ነው። ደህና ነው?»

«ደህና ነው» አለች። ሻዩን አስጨበጠቻት። «ሥራ በዝቶበታል እንጂ ደህና ነው። ሰላም በይልኝ ብሎሻል።»

እንዲህ ስትል የመጀመሪያዋ አይደለም። ከአንዲት «አነበበልኝ» ስንት ወሬ አውጥታለች! ጉንፋን ይዞት እንደተሻለው፣ ቤት እንደቀየረ፣ የእናቱ ነገር እንደሚያሳስበው። ቃሏ በመጣች ቁጥር ወንድሟ በሕይወት አለ፣ እጁ ይሠራል፣ ከዚያ ያለፈውን እሷ ትሞላዋለች። ዛሬ ግን ቃሏም አልመጣችም፤ ያለ ቃል ስትዋሽ ይህ የመጀመሪያዋ ነው።

የእናት ሆድ ዥንጉርጉር ነው፤ እሷ ለፍላፊ፣ እሱ ዝምተኛ። ዝምታ ወርቅ ከሆነ የአገሩ ሀብታም እሱ ነበር። አባታቸው አናጺ ነበሩ፤ ልጃቸው መሮና መጋዝ ይዞ እንዲተካቸው ፈለጉ። እሱ ኮምፒውተር ወደደ። አንድ ቀን በቃላት ተጋጭተው ወጣ። አባታቸው በድንገት ታመው ሲሞቱ ወሬው ዘግይቶ ደረሰው፣ ሲመጣም ቀብሩ አልፎ ነበር። አጎታቸው በር ላይ ቆመው «አሁን ነው የምትመጣው?» አሉት። አንገቱን ደፍቶ፣ ደጃፉን ሳይረግጥ ተመለሰ። ለብቻው ለጻፈችለት ሁሉ መልስ ሰጥቶ አያውቅም። ግን ከጥቂት ጊዜ በኋላ ሽማግሌው ምስክር አጥቶ ሊጣል ሲል «አናጺው» የሚል ስም ብቅ አለ። በአባቱ ሙያ ራሱን የጠራው እሱ መሆኑን ወዲያው አወቀች።

ናፈቃት። አንድ ኮምፒውተር ለሁለት ሲሻሙ ወንበሯን በእግሩ ገፋ አድርጎ፣ «ቁልፉን አትደብድቢው፣ እሱ ምን አደረገሽ?» ይላት ነበር። ያ ኮምፒውተር ዛሬም እናቷ መኝታ ክፍል ውስጥ፣ ጨርቅ ለብሶ ተቀምጧል። የሽማግሌው ሲስተም አሁንም ያለው እሱ ላይ ነው፤ ለመሞከሪያ ትጠቀምበታለች። ወንድሟም የዚያኑ ዓይነት ገዝቶ እስካሁን አልቀየረውም።

ከሰዓት በኋላ እናቷ ሸለብ ሲያደርጋት፣ ያሰበችውን ለራሷም ሳትናገር ወደ መኝታ ክፍሉ ገባች። አዲስ የሐሰት ስም ታወጣለች፣ ከሽማግሌው ላይ ትገባለች፣ «አነበበልኝ» ትላለች። ማን ያውቃል? ምስክር ተገኘ ይባላል፣ ሽማግሌው ይቆያል፣ ወንድሟም ሌላ ቀን ይመጣል። ጨርቁን ገፈፈች፣ ማሽኑ እያቃሰተ ተነሳ። የድረ ገጻቸውን አድራሻ ጻፈች።

ገጹ ነጭ ሆኖ ቀረ። እንደገና ሞከረች። አሁንም ነጭ።

ነገሩ ድንገት ገባት። ባለፈው ወር ሌባ እንዳያስቸግራቸው የድረ ገጹን የደኅንነት ቁልፍ በአዲስ ቀይረዋል፤ ከሁሉ አስቀድማ «ይቀየር» ያለችው እሷ ናት። ፕሮግራሙን በሰባቱም ላይ ሞክረዋል። የሚወርድበትን በር ግን በሽማግሌው የሞከረ የለም፤ እሷ ሁልጊዜ በፍላሽ እየገለበጠች ነው የምትጭነው። አዲሱን ቁልፍ ሽማግሌው አያውቀውም። የቆጡን አወርድ ብላ የብብቷን ጣለች ማለት ይህ ነው።

አጣዳፊው ጋ ደወለች።

«በአዲሱ ቁልፍ ምክንያት መግባት አቅቶት የሚመለስ ሰው ካለ ታየዋለህ?»

«አያለሁ። ምን ሆነሻል? ድምፅሽ...»

«ከሽማግሌው የመጣ አለ? እባክህ ፈልግልኝ።»

የኪቦርዱ ኳኳታ ተሰማ።

«አለ» አለ። «አንድ ሰው ነው። ይሞክራል፣ ይመለሳል። ሙከራ ከጀመርን ወዲህ በየቀኑ። ዛሬ ጠዋትም፣ አሁን ከምሳ በኋላም። ምን ዓይነት ትዕግሥት ነው?»

አልጋው ጫፍ ላይ ተቀመጠች። በሕይወት አለ። በሩን ሲያንኳኳ ሰንብቷል፤ የዘጋችበት ደግሞ እሷ ናት።

«ወንድሜ ነው» አለች።

«ማን?»

«አናጺው። ከቤት ከወጣ ስንት ዓመቱ ነው። ከዚያች ቃል ሌላ ድምፁን ሰምተን አናውቅም።»

«ምነው ሳትነግሪኝ!» አለ አጣዳፊው። «እኔ እኮ ሽማግሌውን ስሰድብ ነው የኖርኩት። ቆይ፣ ለእሱ ሲስተም ብቻ አሮጌውን በር እከፍትለታለሁ። አሥር ደቂቃ ስጪኝ። እትሙንም እናዘገየዋለን። አንድ ዓመትም ቢሆን እናቆየዋለን፣ ችግር የለም።»

ይህን ስትሰማ ደስ ሊላት ይገባ ነበር። ግን ሌላ ዓመት ማለት ሌላ ዓመት የአንድ ቃል፣ ሌላ ዓመት የእሷ ውሸት መሆኑ ታያት።

«አይ፣ በሩን ክፈትልኝ፤ እትሙን ግን ከመልቀቅህ በፊት ትንሽ ጠብቀኝ» አለችው።

እናቷ ነቅታለች። ከጎኗ ተቀመጠችና እጇን ያዘች።

«እማዬ፣ ወንድሜ ሰላም በይልኝ ብሎ አያውቅም።»

እናቷ ፊቷን አላዞረችም።

«ምንም አይልም?»

«አንድ ቃል ይላል። ‹አነበበልኝ› ይላል። ሌላውን የጨመርኩት እኔ ነኝ። ዛሬ ደግሞ እሷንም ሊል መጥቶ በሩን ዘግቼበት ነበር።»

«ወሬው ሲበዛ ጠርጥሬ ነበር» አለች እናቷ። «ልጄን አውቀው የለ? ያን ሁሉ በአንድ ጊዜ ተናግሮ አያውቅም።» ዓይኗን በነጠላዋ ጫፍ ጠረገች። «ደስ ይለኝ ስለነበር ዝም አልኩሽ።»

«አሁን ተከፍቶለታል። ለደብዳቤ መልስ አይሰጥም እንጂ የሙከራውን ገጽ እስከ መጨረሻው ሳያዳምጥ አይመሰክርም። ሲያዳምጠው ምን ይባልልሽ?»

የሙከራው ገጽ እስካሁን ስለ ደመናና ስለ ዝናብ የሚያወራ፣ ማንንም የማይነካ ጽሑፍ ነበር። ላፕቶፗን ጭኗ ላይ አድርጋ ጽሑፉን ሰረዘችው። እናቷ ብዙ አሰበች፤ ከዚያ ዝግ ብላ ተናገረች፣ ልጅየዋም ሳትጨምር ሳትቀንስ ጻፈች።

ሲያልቅ እናቷ «ሰውየው እንዴት እንደሚለው ልስማ» ብላ አጥብቃ ያዘች። ወደ መኝታ ክፍሉ ደግፋ ወሰደቻት፣ በፍላሽ ገልብጣ ሽማግሌው ላይ ጫነችው። ያ የታፈነ ድምፅ አነበበ፦

«ልጄ፣ እናትህ ነኝ። አባትህ ሲታመም አልሰማህም ነበር፣ አውቃለሁ። ያን ቀን ከበር መመለስህን የነገሩኝ ከሄድክ በኋላ ነው። ብሰማ ኖሮ በባዶ እግሬ እከተልህ ነበር። አሁን በር ላይ የሚቆም የለም። አጎትህም ጉልበታቸውን እያመማቸው ከወንበር አይነሱም። ቀን ቀን ቤት ነኝ። ማታም ቤት ነኝ።»

«ቸኮለ» አለች እናቷ። «‹ማታም› የሚለውን ረጋ ይበልበት።»

ረጋ እንዲል አስተካክላ ድረ ገጹ ላይ አወጣችው። ከዚያ ከእትሙ ጋር በሚወጣው ማስታወቂያ ግርጌ አንድ መስመር ጨመረች፦ «ይህ ለሽማግሌው የሚወጣ የመጨረሻ እትም ነው፤ ከእንግዲህ ምስክር አንጠብቅለትም።»

አጣዳፊው ወዲያው ደወለ። «ተሳስተሽ ነው? እናቆየዋለን አልኩሽ እኮ!»

«አልተሳሳትኩም። ከእንግዲህ ቃል አይላክ፣ ራሱ ይምጣ። ልቀቀው» አለችና ስልኩን ዘጋች። እናቷም ክንዷን ይዛ፣ ወደ ሶፋዋ ከመመለስ ይልቅ፣ የውጭውን በር በሚያሳየው መስኮት አጠገብ ወንበር እንድታስቀምጥላት ጠየቀቻት።