ጾም ያላከሳው እብጠት

ሀብትነሽ ጡቷ ላይ የበቀለውን እብጠት በረሃብ ልትገድለው ቆረጠች። ፍልሰታ ሲገባ ቢቸና ቤተ ክርስቲያን አጠገብ ሱባዔ ያዘች፤ ማታ ማታ ጥሬ ሽንብራ ቆርጥማ ውኃ ትጠጣለች፣ በቃ። «ካልቀለብኩት በምን ያድጋል?» እያለች። ጉንጯ ሟሸሸ፣ ቀሚሷ ሰፋት፤ እብጠቱ ግን እንቁላል አከለ። ልጇ ጸደንያ ደርሳባት እየጎተተች ሞጣ ሐኪም ቤት አመጣቻት።

ዶክተር ሙሐመድሸሪፍ፣ የሞጣ ነጋዴ ልጅ፣ የምርመራውን ውጤት አይቶ ወንበሩን አስጠጋ።

«ካንሰር ነው፣ እማማ። ገና አልተሠራጨም፤ ቶሎ ከወጣ ተስፋ አለው። ግን ደም አንሶዎታል። በዚህ አቅምዎ ማደንዘዣ ብሰጥዎ ላይነቁ ይችላሉ። ሳይበሉ ምላጭ አላነሣም።»

«እሱን ልቀልብልህ?»

«እሱማ ሳያስፈቅድዎ እየበላ ነው። ጤነኛ ሕዋስ በቃህ ሲባል ማደጉን ያቆማል፤ ይሄ አልሰማም ያለ ነው። ሰውነትዎ ጠባቂዎች አሉት፤ ባዕድ ሲገባ ይገድላሉ። እሱ ግን ከራስዎ ሥጋ ስለወጣ የቤት ልጅ መስሎ ያልፋቸዋል። እርስዎ ሲራቡ የሚዝሉት ጠባቂዎቹ ናቸው።»

«አንተን ደግሞ ስለ ፍልሰታ ማን አማከረህ?»

ሳቀ። «እኛም ዘንድ በሽተኛ አይጾምም፣ እማማ።»

ጸደንያ ወተትና የተቀቀለ እንቁላል አቀረበች። ሀብትነሽ ፊቷን ወደ ግድግዳው አዞረች። ጾም ሽራ አታውቅም።

«እማዬ፣ በማርያም!»

«የንስሐ አባቴ ካልፈቱኝ፣ ብታርዱኝ አልቀምስም!»

ወደ ቢቸና ተደወለ። አይነሣም፤ አባ አካለ ወልድ ቅዳሴ ላይ ናቸው። ጸደንያ ደጋግማ ደወለች። የእናቷ ከንፈር ነጥቷል። ነርሷ የደም ግፊቷን ለክታ ሐኪሙን በዓይኗ ጠራችው።

በመጨረሻ ስልኩ ተነሣ፤ ሀብትነሽ ከልጇ እጅ ነጠቀችው።

«አባቴ፣ ሊያስገድፉኝ ነው!»

«ሐኪም ካዘዘ ምን ትጠብቂያለሽ? ደግሞስ ጥሬ ብቻ ቆርጥሚ ብሎ ማን አዘዘሽ? እኔ አላዘዝኩሽም። የጾምሽው ለእግዚአብሔር ነው ወይስ ለእብጠቱ?»



«ለእብጠቱ» አለች ቀስ ብላ።

«እንግዲያ ምኑን ጾምሽው! ፈትቼሻለሁ፤ ብዪ።»

ስልኩን ለጸደንያ መለሰችላት። እንቁላሉን ላጠች። የመጀመሪያው ጉርሻ አልወርድ አላት፤ በወተቱ ገፋችው።

ቀና ስትል ሐኪሙ አሁንም ቆሟል።

«አንተ ምን ትገተርብኛለህ?» አለችው። «ሂድ፣ ምላጭህን አዘጋጅ!»

ሁለተኛውን እንቁላል አነሣች።