ኩርባው ላይ የሚጠፋው ሞተር

አዲሱ ሞተር ሳይክሌ ለመጀመሪያ ጊዜ የጠፋብኝ በተገዛ በዘጠነኛው ቀን፣ ከሶባ ጤና ጣቢያ ወጥቶ ዋናውን አስፋልት የሚይዘው ኩርባ ላይ ነው። ፍሬን ይዤ ገባሁ፣ ወደ ግራ አጋደልኩት፣ ልወጣ ነዳጅ ስሰጠው ጭጭ አለ። ኩርባ ላይ ሞተር ሲጠፋ የሚስበው ጉልበት በአንድ ጊዜ ይቀርና ያጋደለው ብረት ወደ ውስጥ መውደቅ ይጀምራል። እግሬን ዘርግቼ አስፋልቱን ረገጥኩና ተረፍኩ። ከኋላዬ በታሰረው የበረዶ ሣጥን ውስጥ አሥራ አንድ የደም ናሙና ነበር።

ሥራዬ እሱ ነው። ጠዋት ከሶባ ደም ተቀብዬ ካርቱም መሀል ወዳለው ላቦራቶሪ አደርሳለሁ። በሁለት ሰዓት ውስጥ ካልደረሰ ይደፋል፤ የታመመውም ሰው እንደገና ይወጋል። ያን ቀን አርባ ደቂቃ ማስነሻውን ስረግጥ ቆየሁና ዘግይቼ ደረስኩ።

የላቦራቶሪው ባለቤት፣ ሱዳኖች ሴት ሐኪም በሚጠሩበት ስም ዶክተራ ሀዋ፣ ሰዓታቸውን አዩ።

«አዲስ ነው አላልከኝም?»

«አዲስ ነው» አልኩ። ሰው ፊት ስቆም ቃል ይጠፋብኛል።

ማታ ደብተር አወጣሁና የጠፋበትን ቦታና ሰዓት፣ በየት በኩል አጋድዬ እንደነበር ጻፍኩ። በሚቀጥሉት ቀናት ሦስት ጊዜ ጨመርኩበት፤ ሦስቱም ኩርባ ላይ። አዲስ ጎማ ያንሸራትታል ሲሉ ሰምቻለሁ፤ ኩርባ የሚፈራ ሞተር ግን ሰምቼ አላውቅም። ከመናደድ ይልቅ ነገሩ ይገርመኝ ጀመር።

አርብ ቀን ሰው ሁሉ ለጁምዓ ሲሄድ ዴም ሰፈር ያለው የገበያ ሜዳ ባዶ ይሆናል። እዚያ ወስጄ በአንድ ፍጥነት ወደ ግራ አሥራ አምስት ዙር፣ ወደ ቀኝ አሥራ አምስት ዙር ዞርኩ። የእግሬ ማሳረፊያ መሬት እስኪነካ አጋደልኩት። አልጠፋም። ኩርባ አይፈራም ማለት ነው። ቀጥሎ መሪውን ቀጥ አድርጌ ፍሬኑን ጠበቅ አደረግሁና ወዲያው ነዳጅ ሰጠሁት። ጭጭ! ደገምኩት፤ ጭጭ። ፀሐዩ ላይ ብቻዬን ሳቅሁ። ለካ ጥፋቱ ከኩርባው አልነበረም፤ ኩርባ ላይ ፍሬን ይያዛል፣ ከዚያ ነዳጅ ይሰጣል፣ በቃ።

ነገሩን ይዤ ጋሽ ጂብሪል ዘንድ ሄድኩ። የወሎ ሰው ናቸው፤ ካርቱም ሞተር ሲጠግኑ ሃያ ዓመት አልፏቸዋል። ሳያቋርጡ ሰሙኝና ከካርቡራቶሩ ሥር ያለችውን ብሎን ፈትተው የወጣውን ቤንዚን በማርማላታ ብርጭቆ ተቀበሉ። ወደ ብርሃን አነሱት። ከሥሩ እንደ ዶቃ የሚንከባለል ነገር አለ።

«ያ ዞል» አሉኝ፣ አንተ ሰው ማለታቸው ነው፤ «የገዛኸው ሞተር ነው ወይስ ጀልባ?»

«ውሃ ነው?»

«ውሃ ነው! ትንሽ ብትታገስ ኖሮ ዓሣ ታረባበት ነበር።» ከዚያ ጣታቸውን አቁመው አሳዩኝ። «ነዳጅ የሚስበው የመቅጃው ቱቦ አፍ ከታንኩ ወለል ይህን ያህል ከፍ ይላል። ውሃ ከቤንዚን ይከብዳል፤ ስለዚህ ከአፉ በታች ተኝቶ ይሄዳል። ፍሬን ስትይዝ ወደ ፊት ይሮጣል። ነዳጅ ስትሰጥ እንደ ማዕበል ይመለስና አፉ ላይ ይወጣል። ሞተር ደግሞ ውሃ አይጠጣም።»

ታንኩን አጥበው ሰጡኝ። እሑድና ሰኞ እንደ ወፍ በረረ። ማክሰኞ ሶባ ኩርባው ላይ እንደገና ጠፋ።

ዳግመኛ ዘግይቼ ስደርስ ዶክተራ ሀዋ አልጮኹም። ዝግ ብለው ነው የተናገሩት።

«ሁለት ጊዜ ሆነ። ይቅርታ አልፈልግም፤ ምክንያቱን ነው የምፈልገው። እኔ ምክንያት የማላውቀውን ነገር ለታካሚ አልጽፍም። እስከ ሐሙስ ካላመጣህ ሶባን ለኦመር እሰጣለሁ። ባለ ሦስት እግር ረክሻው ይንቀራፈፋል፤ ግን ይደርሳል።»

እንደ እኔ ናሙና የሚያመላልሰው ኦመር በር ላይ ቆሞ ይሰማ ነበር። ስወጣ ትከሻዬን መታ መታ አደረገና «ሦስት እግር ይሻላል፣ ሐበሻ» አለኝ።

ማደያው ነው አልኩ በሆዴ። ያኔ የቤንዚን ሰልፍ ገና አልመጣም ነበርና ሁልጊዜ የምቀዳው ከአንድ ቦታ ነው። እዚያ ሄጄ ግማሽ ጠርሙስ ገዛሁ፣ ማክሰኞ ማታ መስኮት ላይ አቁሜው አደርኩ። ረቡዕ ጎህ ሲቀድ ሳየው እስከ ሥሩ የጠራ ነበር፤ አንዲት ዶቃ እንኳ የለውም። ታዲያ ውሃው ከየት ይገባል? የታንኩ ክዳን በቁልፍ ነው የሚከፈተው። ዝናብ የለም። ቁልፉ የሚንጠለጠለው በር አጠገብ ምስማር ላይ ነው። ቀና ብዬ አየሁ፤ ምስማሩ ባዶ ነው።

ግቢ ወጣሁ። አክስቴ ጸሐይወርቅ ነጠላዋን አጣፍታ ሞተሩ አጠገብ ቆማለች። በአንድ እጇ የታንኩን ክዳን ይዛለች፤ በሌላው እጇ ሙሉ ስኒ። ከንፈሯ ይንቀሳቀሳል። ጸሎቷን እስክትጨርስ ጠበቅሁ።

«እታለም፣ ምን እያደረግሽ ነው?»

«ምን አደርጋለሁ፣ ዘሜ? ጠበል ነው። ከአገር ቤት ያመጡልኝ።»

«ታንኩ ውስጥ?»

«በመጀመሪያው ቀን በላዩ ረጨሁለት። ኋላ ይህ በቂ አይደለም ብዬ ታንኩ ውስጥ ጨመርኩለት፤ አሳጥበኸው ስትመጣም ሰኞ ማታ ደገምኩ። አንተ ስትታመም አጥቤህ ብቻ ተውኩህ? አላጠጣሁህም?»

«አጠጥተሽኛል።»

«እንግዲያው! ሆዱ ካልገባ ምን ያደርግለታል?»

ውሃ እንደሚያጠፋው፣ መቅጃው፣ ማዕበሉ፣ ሁሉንም ነገርኳት። ስኒውን እያየች አዳመጠችኝ።

«በስንተኛው ቀን ነው መጀመሪያ የጠፋው?» አለች።

«በዘጠነኛው።»

«እኔ የጨመርኩት በስምንተኛው ነው» አለችና ስኒውን መሬት ላይ አስቀመጠች። ከዚያ ግን «ወድቀህ ታውቃለህ?» ስትል ጠየቀችኝ።

«አልወደቅሁም።»

«ጠፋ እንጂ አልወደቅህም» አለች። ክዳኑን ገጥማ ቁልፉን መዳፌ ላይ አኖረችው።

በዚያው ዕለት ጋሽ ጂብሪል ታንኩን ደግመው አጠቡ። ምክንያቱን አልጠየቁኝም፤ እኔም አልነገርኳቸውም። ሐሙስ ጠዋት ግን ከሶባ በፊት ላቦራቶሪው መግባት ነበረብኝ። መንገዱን ሁሉ «ቤንዚኑ ውስጥ ውሃ ነበር» የሚለውን ዓረፍተ ነገር በዓረብኛ ሳጠና ሄድኩ። ይህ ውሸት አይደለም፤ ከዚህ በላይ መናገር ደግሞ አክስቴን በሰው ፊት ማቆም መሰለኝ።

«ቤንዚኑ ውስጥ ውሃ ነበር» አልኩ።

ዶክተራ ሀዋ ብዕራቸውን አስቀመጡ። «ውሃ! ከየትኛው ማደያ ነው የምትቀዳው?»

ነገርኳቸው።

«ሌቦች! ባለቤቱን አውቀዋለሁ። የወንድሜ ጎረቤት ነው። ቆይ አሳየዋለሁ» አሉና ስልካቸውን አነሱ።

የጠራው ጠርሙስ ትዝ አለኝ። ቁጥሩን እየፈለጉ ነው። ኦመር ሣጥኖቹ አጠገብ ቆሞ የሚሆነውን ይጠብቃል።

«ማደያው አይደለም፣ ዶክተራ» አልኩ። ድምፄ ከጠበቅሁት በላይ ወጣ። «አክስቴ ናት። የተባረከ ውሃ ነው የጨመረችው። እንዲጠብቀኝ ብላ።»

ስልኩን ዝቅ አደረጉ። ኦመር መሳቅ ጀመረ፤ እሳቸው ሲያዩት ተወ።

«ምን ያህል?»

«አንድ ስኒ። ከዚያም ሁለተኛ ስኒ።»

«ታዲያ ለምን ኩርባ ላይ ብቻ ይጠፋል?»

ጠረጴዛቸው ላይ የነበረውን የውሃ ብርጭቆ ተጠቅሜ አሳየኋቸው። ወደ ፊት ገፋሁት፣ ወደ ኋላ ሳብኩት፤ ውሃው ጠርዙን ወጣ። ሁለት ጊዜ አስደገሙኝ። በሦስተኛው ራሳቸው ያዙት፤ ወረቀታቸው ላይም ፈሰሰ።

«እናቴ» አሉ ወረቀቱን እያራገፉ፣ «መሐያ በመኪናዬ ራዲያተር ትጨምራለች።» መሐያ ሼኹ ቁርኣን በሰሌዳ ጽፎ በውሃ አጥቦ የሚሰጠው ነው። «ወላሂ፣ መኪናው ግሎ አያውቅም።»

«የኔ ሞተር ራዲያተር የለውም» አልኩ።

«እንግዲያው አክስትህ ነጂውን ታጠጣው።» ባዶውን የበረዶ ሣጥን በእግራቸው ወደ እኔ ገፉት። «ያላ! ሶባ አሥራ አራት ሰው ደሙን ሰጥቶ ተቀምጧል።»