መኪናዋ የት ታድራለች?

አሮጌዋ መኪናችን ሞተች ማለት አይቻልም፤ ሞት እንኳን ክብር አለው። እሷ በየመንገዱ እየቆመች ስታዋርደን ከርማ በመጨረሻ መካኒኩ ራሱ ሰለቸውና «እኔን ከምታበለጽጉ አዲስ ግዙ» ብሎ ገላገለን። መግዛቱ ላይ ከእህቴ ጋር ተስማማን። ምን እንግዛ የሚለው ላይ ግን ሆድና ጀርባ ሆንን።

እኔ የፈለግሁት ቤንዚን ብቻ የምትጠጣ ትንሽ ኤስዩቪ ነበር፤ ከመሬት ከፍ ያለች፣ የኋላ ወንበሯ ሲታጠፍ የልብስ ከረጢት እንደ ልብ የምታስገባ። እትዬ ደግሞ ያችኑ የምትመስል፣ ግን ቤንዚንም የምትጠጣ ከግድግዳ ሶኬትም የምትሞላ ሃይብሪድ ካልሆነች ሞቼ እገኛለሁ አለች። እትዬ የምላት ታላቄ ስለሆነች ነው እንጂ ያን ሰሞን አፌ ላይ የሚመጣው ስም ሌላ ነበር።

ላውንድሪ አለን፤ ግማሹ የእሷ፣ ግማሹ የኔ። እሷ ጠዋት በየፀጉር ቤቱና በየእንግዳ ማረፊያው እየዞረች የቆሸሸ ፎጣና አንሶላ ትሰበስባለች። እኔ ከሰዓት በኋላ ታጥቦ የተተኮሰውን ይዤ እወጣና እስከ ማታ አደርሳለሁ። እኩለ ቀን ላይ ላውንድሪው በር ላይ ቁልፍ እንቀባበላለን። ሕጋችን አንድ ነው፤ ባዶ መኪና ማስረከብ ክልክል ነው። መጀመሪያ ማደያ ገብቶ መሙላት፣ ከዚያ ቁልፍ። ሕጉን ያወጣነው ከአንድ ትልቅ ጠብ በኋላ ሲሆን፣ እውነቱን ለመናገር እስከ ዛሬ አብረን ያሠራን የእህትነት ፍቅር ሳይሆን ይኸው ሕግ ነው። የነዳጁ መርፌ ለማንም አያደላም።

«የምንሄደው አጭር አጭር መንገድ ነው» አለች እትዬ፣ ከመተኮሻው ጠረጴዛ ጀርባ ቆማ። «የጠዋቱን ዙር በባትሪ ብቻ እጨርሰዋለሁ። ጠብታ ቤንዚን አላቃጥልም።»

«አንቺማ አታቃጥይም። እኩለ ቀን ላይ ለኔ ስታስረክቢኝ ባትሪው ምን ላይ ይሆናል?»

«ያልቃላ። ቤንዚን አላት አይደል እንዴ?»

«እና አንቺ ቤትሽ ሞልተሽ ትዞሪያለሽ፣ እኔ ማደያ እሰለፋለሁ። ሞልቶ ማስረከብ ያልነው የት ገባ?»

«ባትሪ እንደ ቤንዚን ቶሎ አይሞላም፣ ሰዓታት ይፈልጋል። ምን ላድርግልሽ?» ብላ መብራትን የፈለሰፍኩት እኔ ይመስል ተቆጣችኝ። ባትሪው ከኋላ ወለሉ ሥር ስለሚቀመጥ የዕቃ ቦታው ይጠባል፣ አንሶላውን ታቅፌ ልነዳ ነው ወይ ብላት ጆሮ ዳባ ልበስ አለች።

እውነት እንነጋገር ከተባለ መኪናዋ መጥፎ አይደለችም። ማታ ሰክቶ ጠዋት የሚነቅል፣ ግቢ ያለው ሰው ከሷ የተሻለ አያገኝም። ግቢ ያላት ግን እትዬ ናት። እኔ የምኖረው አራተኛ ፎቅ ላይ ነው፤ ከሕንፃው ሥር ያለው መኪና ማቆሚያ ሶኬት ይቅርና የጥበቃው አምፖል እንኳን የሚበራው በስንት ልመና ነው። እስከዚያ ድረስ መኪናችን የምታድረው እኔ ጋ ነበር፤ ሥራ የምጨርሰው እኔ ስለሆንኩ። እትዬ ከሁለት መንደር በኋላ ስለምትኖር ጠዋት በእግሯ መጥታ ቁልፉን ከኔ ተቀብላ ትወስዳለች።

«የት ነው የምንሰካት?» ስላት ዓይኗን ከዓይኔ ላይ አነሳች።

«እኔ ግቢ ነዋ። ማታ ስትጨርሺ ታመጫታለሽ፣ ከዚያ ወደ ቤትሽ ትሄጃለሽ። ቅርብ አይደል?»

«በጨለማ፣ በእግሬ። እንደ ቅጥር ሾፌር ቁልፍ አስረክቤ፣ ደህና እደሩ ብዬ።»

«ነገር አታጣምሚ።»

የፈራሁት የማታውን መንገድ አልነበረም። መኪናዋ እሷ ግቢ ማደር ከጀመረች ነገ ሥራውም እዚያው ሊያድር ነው። እኔ ባል የለኝ፣ ዲግሪ የለኝ፣ ቤቴ ኪራይ ነው። በዚህ ዓለም የኔ የምለው ያን ግማሽ ላውንድሪ ብቻ ነው። ስለዚህ ቤንዚን ካልሆነ ወይ ፍንክች አልኩ።

ባሏንም ላስተዋውቃችሁ። አንድ መሥሪያ ቤት ውስጥ ለጥቂት ጊዜ ተጠባባቂ ኃላፊ ሆኖ ስለነበር በሌለበት «ተጠባባቂው» እለዋለሁ፤ በፊቱ ጋሼ ነው። መሥሪያ ቤቱ ሠራተኛ ሲቀንስ እሱንም ቀነሰው። ከዚያ ወዲህ ሶፋው ላይ ተጋድሞ በስልኩ ስለ መኪና የሚያወሩ ሰዎችን ሲያይ ይውላል። እትዬ ስለ ሃይብሪድ የምትነግረኝ ሁሉ ከእሱ አፍ የመጣ መሆኑን አውቅ ነበር፤ ከእሷ አፍ ኪሎዋት የሚል ቃል ወጥቶ አያውቅም። ሥራ የፈታ ሰው ምክር ነው ብዬ ንቄ ተውኩት።

ቅዳሜ ሁለቱንም ነድተን እንድንወስን መኪና መሸጫው ሄድን። ሻጩ ከአፉ ማር ጠብ የሚል፣ ጫማው ከመኪኖቹ በላይ የሚያብረቀርቅ ጎልማሳ ነው። መጀመሪያ የቤንዚኗን አስነሳሁ። ድምፅ አላት፣ ዳገት ላይ ስትናደድ ታሰማለች። ወዲያው ወደድኳት። እትዬ ከጎኔ ጥርሱን እንዳመመው ሰው ጉንጯን እንደያዘች ዞረን ተመለስን።

ቀጥሎ ሃይብሪዷ ውስጥ ገባሁ። እግሬ ፍሬኑ ጋ አልደረሰም። ወንበሩ ወደ ኋላ ተለጥጧል፣ ስፖኪዮው ጣሪያውን ያሳያል።

«ይቅርታ፣ ይቅርታ» አለ ሻጩ ከኋላ ወንበር። «ትናንት የእትዬ ባለቤት ሲሞክሯት እንደተዋት ናት። ረጅም ሰው ናቸው አይደል? በጣም ነው የወደዷት። በተለይ የፊት መብራቷን። ከእንግዲህ የማታ የማታውን የምነዳው እኔ ስለሆንኩ ብለው ሦስቴ አብርተው አጠፉት።»

የማታ የማታውን የምነዳው እኮ እኔ ነኝ። ወደ እህቴ ዞርኩ። ከፊቷ ያለውን መሳቢያ ከፍታ የሆነ ነገር የጠፋባት ይመስል ባዶውን ታየው ነበር።

ወንበሩን ወደ ፊት ሳብኩ፣ ስፖኪዮውን አስተካከልኩ፣ ወደ መንገድ ወጣሁ። መኪናዋ ምንም ድምፅ የላትም። የቤንዚኗ ብትሆን ሞተሩ ጠባችንን ትንሽ ይሸፍንልን ነበር።

«ጋሼ የማታ ሥራ አገኘ እንዴ?» አልኳት።

«እሱን አሁን አናወራም።»

«አሁን ነው የምናወራው።»

«በባትሪ ስትሄድ ንዝረት የላትም፣ ልብ ብላችኋል?» አለ ሻጩ።

«መኪናዋ ግቢሽ ታድራለች፣ ቁልፉም ግቢሽ ያድራል» አልኩ። «እኔ ከሰዓት ስመጣ ጋሼ ይዟት ወጥቷል። እኔ ወደ መተኮሻው። ቆይቶ ደግሞ መተኮሻው ላይም ሌላ ሰው ይቆማል። እንዲህ ነው ያሰባችሁት?»

«ምንም አላሰብንም።»

«መብራቱን ሦስቴ ያበራው ለጨዋታ ነው? ዓይንሽን በጨው አጥበሽ ስለ ቤንዚን ዋጋ ስትሰብኪኝ ከረምሽ።»

ቀይ መብራት ላይ ቆምን። ከኋላችን ሻጩ ምራቁን ሲውጥ ይሰማል።

«አንድ ነገር ልለምንሽ» አልኳት። «በሶኬት አታስወጪኝ። በአፍሽ አስወጪኝ።»

እህቴ መሳቢያውን ዘጋች።

«ሰውዬው ቤት ውስጥ እየሞተብኝ ነው» አለች። «ጠዋት ትቼው የወጣሁበት ቦታ ማታ አገኘዋለሁ። ልብሱን አይቀይርም። ከልጆቹ ጋር አያወራም። ሰው የሚመስለው ስለ መኪና ሲያወራ ብቻ ነው። አንቺ ጠንካራ ነሽ፣ የትም ሄደሽ ትሠሪያለሽ። እሱ ግን እንደወደቀ ይቀራል።»

«እና?»

«እና ውጪልኝ።»

«አረንጓዴ ሆኗል» አለ ሻጩ ቀስ ብሎ።

ነዳሁ። ጠላኋት። እዚያው መሪው ላይ ሆኜ ከልቤ ጠላኋት። ይበልጥ አንጀቴን ያሳረረው ግን ያለችው ሁሉ እውነት መሆኑ ነው። እኔ የትም ሄጄ እሠራለሁ። ተጠባባቂው ከዚያ ሶፋ አይነሳም። ይህንን እያወቅሁ ለምን እኔ እንደምከፍልለት ሊገባኝ አልቻለም፤ ዛሬም አልገባኝም።

ተመልሰን መኪናዋን አቆምኩና ቁልፉን ለሻጩ ሰጠሁት።

«ድርሻዬን ታወጪልኛለሽ» አልኳት ወደ ቢሮው ስንገባ።

«አወጣልሻለሁ።»

«ደንበኞቹ የሚያውቁት እኔን ነው።»

«እሱንም ይለምዱታል።»

ለዚህ መልስ ነበራት፤ ቀደም ብላ አስባበታለች ማለት ነው። ሻጩ ጠረጴዛው ኋላ ተቀምጦ ካንዳችን ወደ ሌላችን እያየ፣ ሽያጩ የሞተበት መስሎት ላብ በላብ ሆኗል።

«ታዲያ… የትኛዋን ወሰናችሁ?»

«በሶኬት የምትሞላዋን» አልኩት እኔ። እትዬ ቀና ብላ አየችኝ። «የቤንዚኗን የፈለግኋት እኔ ነበርኩ፣ እኔ ደግሞ የለሁበትም።»

ሻጩ እፎይ ብሎ ኮምፒውተሩን ወደ ራሱ ሳበ። «መልካም ምርጫ ነው። ቀለሟስ? ነጭና ግራጫ አሉን።»

እትዬ ወደኔ ዞረች። ሳታስበው ነው። ጫማም ስትገዛ፣ መጋረጃም ስትገዛ እንዲህ ነው የምትዞረው።

«የቱ ይሻላል?» አለችኝ።

ማንን እንደጠየቀች የገባት ከአፏ ከወጣ በኋላ ነው። ከንፈሯን ነከሰች፣ ጥያቄዋን ግን መልሳ አልወሰደችውም። ሻጩም ጣቱን ኮምፒውተሩ ላይ እንዳነሳ ቆየ።

መልስ አይገባትም ነበር። ዝም ብዬ መውጣት ነበረብኝ፣ ወይም ሆን ብዬ የማይሆነውን መንገር።

«ግራጫዋ» አልኳት። «ነጭ ቆሻሻ ያሳያል፣ በየቀኑ ማጠብ ይሆንብሻል።»

«ግራጫዋ ትሁን» አለችው ለሻጩ።

ከሥራዬ አስወጥታኝ ምክሬን ወሰደች። እንባዬ የመጣው ያኔ ነው። እንዳታይብኝ ቦርሳዬን አንስቼ ፈጥኜ ወጣሁ።