ሰባተኛው ጥያቄ

የጀልባው መካኒክ ከአሥራ አንድ ተሳፋሪዎች ጋር ሐይቁ ውስጥ ከቀረ ዓመት ሊሞላው ነው። ጀልባው ለምን እንደ ሰጠመ የሚናገር የምርመራ ሪፖርት አለ፤ የጀልባ መሥሪያ ቤቱ ግን «ምስጢር ነው» ብሎ ቆለፈበት። ሪፖርቱ ሲቆለፍ ወሬው መውጫ አላጣም፦ «መካኒኩ ጠጥቶ ነበር አሉ!» እናቱ ይህን ከሰማች ወዲህ ከግቢ አልወጣችም።

እኅቱ ልብስ ሰፊ ናት። መረጃ የማግኘት መብትን የሚደነግገውን ሕግ ራሷ አንብባ፣ ራሷ ጽፋ ይግባኝ አለች። ጠበቃ ያዢ ሲሏት፣ «ለወንድሜ የምናገርበት አፍ አልከራይም» አለች።

ችሎቱ ከተሰየመ ሩብ ሰዓት ሳይሞላ የመሥሪያ ቤቱ ጠበቃ ተነሣ። ምስክሩ ስለ ሪፖርቱ ይዘት ስለሚናገር ችሎቱ ዝግ ይሁንልኝ አለ።

«እኔም ልውጣ?» አለች እኅትየው።

«እርስዎ ከሰሙትማ ምኑን ምስጢር ሆነ?» አሉ ዳኛው፤ ረጋ ያሉ ሽማግሌ ናቸው። «ጥያቄዎን ግን ጽፈው ይስጡኝ። በእርስዎ ቦታ ሆኜ እጠይቅልዎታለሁ።»

ከቦርሳዋ የልብስ ንድፍ የምትሥልበትን ወረቀት አወጣች። ስድስቱ ጥያቄዎች ስለ ሞተሩ ነበሩ፦ የውሃ መምጠጫው መቼ ተጠገነ? ወንድሜ መለዋወጫ ይገዛ ብሎ የጻፈው ደብዳቤ የት ገባ? እንዲህ እንዲህ እያለች ሰባተኛው ላይ ደረሰች፦ «በዚያ ቀን ጠጥቶ ነበር ወይ?» መልሱን እንደ ስሟ ታውቀዋለች። «አልጠጣም» ተብሎ በማኅተም ይጻፍላትና ለሰፈሩ ሁሉ ታነብለታለች።

ከችሎቱ ስትወጣ በረኛዋ ኮሪደሩ ላይ ወንበር ሳበችላት።

«እትዬ፣ እርስዎ እዚህ ሆነው ይሰማዎታል?»

«የተቀጠርኩት በሩን ልጠብቅ እንጂ ላዳምጥ አይደለም። ቁጭ በይ የኔ ልጅ፤ ስለ ቆምሽ አይፈጥኑልሽም።»

«ሠርጓ ላይ ያልተጠራች ሙሽራ አይተው ያውቃሉ? ይኸው፣ ይዩኝ!»

በረኛዋ ሳቋን በመዳፏ አፈነች።

ሃምሳ ደቂቃ ፈጀ። ስትመለስ ምስክሩ ወረቀቱን እየሰበሰበ ነበር፤ ቀና አላለም። ጠበቃው ግን አየት አደረጋት። ንቀት ቢሆን ታውቅበት ነበር፤ መልሳ ትሰጠዋለች። ሐዘኔታ መሰላትና ዐይኗን ወደ ዳኛው መለሰች።

«ሰባቱም ተጠይቀዋል» አሉ ዳኛው። «ሰባቱም ተመልሰዋል።»

«ምን ተብለው?»

«እሱን መንገር አልችልም። እንግዲህ የመጨረሻ ክርክርዎን ያሰሙ።»

«ክቡር ዳኛ፣ ያልሰማሁትን በምን ላፍርሰው? የሰው ጨርቅ ተቀብዬ ልብሱን ባስቀርበት፣ እዚሁ አልነበር የምከሰሰው?»

ዳኛው ብዕራቸውን አስቀመጡ። «እውነትዎን ነው» አሉ፤ ቀጥለውም ሌላ የምትለው እንዳላት ጠየቋት።

ውሳኔው ከሦስት ሳምንት በኋላ መጣ፤ አምስት ገጽ። ይግባኙ ውድቅ ሆኗል። ምክንያቱ «ለይግባኝ ባይዋ በማይሰጥ አባሪ» ተገልጿል።

እናቷ የታጠበ አንሶላ እያጣጠፈች እስከ መጨረሻው አዳመጠቻት።

«ጥያቄሽንስ ጠየቁልሽ?»

«ሰባቱንም እማዬ።»

«እስቲ ንገሪኝ፤ ምን ምን አልሽ?»

ነገረቻት። እናትየው በእያንዳንዱ ጥያቄ «አበጀሽ!» እያለች ራሷን ነቀነቀች። ስድስተኛው ላይ ልጅቷ ቆመች። ከችሎቱ ቀን ወዲህ፣ ወንድሟ እየሳቀ የገባባቸውን ምሽቶች አንድ በአንድ እያነሣች ትመረምር ነበር፦ ያ ሳቅ የምን ሳቅ ነበር?

«ሰባተኛውስ?»

መዋሸት አታውቅበትም። ነገረቻት።

እናትየው ያጠፈችውን አንሶላ ፈታችው።

«አንቺም?»

«መልሱን ስለማውቅ እኮ ነው እማዬ! በወረቀት እንዲሰፍርልን ብዬ...»

«ካወቅሽውማ ንገሪኛ። በእነሱ ቢዘጋ በእኛ አልተዘጋም። ጠጥቶ ነበር?»

ልጅቷ አፏን ከፈተች። ከወር በፊት ሳትጠየቅ የምትናገረው ቃል ነበር፤ አሁን አልወጣ አላት። እናትየው አንሶላውን ጭኗ ላይ እንደ ዘረጋች ጠበቀቻት።