ስብራቱ የጠፋው ወንበር

ወንበሩ ከጅማ ተጠግኖ የመጣ ዕለት ናኢማ መጀመሪያ ያደረገችው ነገር ስብራቱን መፈለግ ነበር። በረንዳው ላይ፣ ፀሐይ በደንብ የሚያርፍበት ቦታ አስቀመጠችው። መነጽሯን አድርጋ የግራውን እግር ከላይ እስከ ታች በአውራ ጣቷ ጥፍር ፋቀችው። ምንም የለም። ገለበጠችው። ከሥሩም ምንም የለም። ያ እግር ለሁለት ተከፍሎ መሬት ላይ ሲወድቅ በዓይኗ አይታዋለች፤ አሁን ግን የእንጨቱ መስመር ከመቀመጫው ተነስቶ፣ አንድም ቦታ ሳይቋረጥ እስከ መሬት ይወርዳል።

"ማሻአላህ፣ እንዴት ያለ እጅ ነው" አለች ጎረቤቷ ፈድሊያ፣ ከአጥሩ በላይ አንገቷን አስግጋ።

ናኢማ ደስ ሊላት ሲገባ እግሩን መልሳ በጥፍሯ ፋቀችው።

አጋሮ ውስጥ ቡና ስትነግድ የኖረች ሴት ናት። ባሏ ቲጃኒ ከሞተ ወዲህ ሥራውን ለብቻዋ ይዛዋለች። ከላዩ ደርቆ ከሥሩ ውሃ የጠጣ ቡና፣ መሐሉ ላይ ጠጠር የተደበቀበት ጆንያ፣ ስንቱን አይታለች። ጆንያ ሳታስገለብጥ ገዝታ አታውቅም። ከዚያ ሁሉ ዘመን የተማረችው አንድ ነገር ቢኖር፣ እንከን የሌለው ነገር ሲገጥማት እንከኑን የደበቀው ማን እንደሆነ መጠየቅ ነው።

ወንበሩ ደግሞ ተራ ወንበር አልነበረም። የቲጃኒ አያት ወንበር ነው፤ ከአንድ የዋንዛ ግንድ፣ ያለ ምስማርና ያለ ኮላ የተፈለፈለ፣ ባለሦስት እግር። በዚያ አካባቢ ሰው ሲጣላ የሚታረቀው እነ ቲጃኒ ግቢ ነው፤ የሽማግሌዎቹ መሪም የሚቀመጠው እዚያ ወንበር ላይ ነው። በላዩ ተቀምጦ ያዳላ ሽማግሌ የለም ይባላል። ልጇ ሱፊያን ለአንድ ሠርግ ይዞት ሄዶ፣ ሲመለስ ከፒካፑ ላይ ሊያወርደው ሲል ከእጁ አመለጠውና እግሩ ተሰበረ። የተሰበረው እንጨት ውስጥ አሮጌ የነቀዝ መንገድ፣ እንደ ጥቁር ክር ተጥመልምሎ ታየ። ሱፊያን ለቀናት ቀና ብሎ እናቱን ማየት ተሳነው።

ያን ጊዜ ነው ሰዎች ሀቢቡላህ የሚባለውን እንጨት ጠራቢ የነገሯት። ጅማ ሄርማታ፣ ከመስጊዱ ጀርባ ነው የሚሠራው። "እሱ ካልቻለው ማንም አይችለውም፤ ኦጌሳ ነው" አሏት። ኦጌሳ በኦሮምኛ ባለሙያ ማለት ነው፤ እሷም ቃሉን በበጎ ሰምታ ወንበሩን ሰደደችለት።

ወንበሩ ከተመለሰ በኋላ ቡና ሊቀምስ የመጣ አንድ እንግሊዛዊ ገዢ ቤቷ ገባ። ወንበሩን ዞሮ አየው፤ ተሰብሮ እንደነበር ሲነግሩት አላመነም። "ሰውየውን ካላየሁት" አለ። ሱፊያን ወደ ጅማ ሲሸኘው በሄርማታ በኩል አሳልፎ ሀቢቡላህ ዘንድ ወሰደው። ማምሻውን ሲመለስ ናኢማ በር ላይ ጠበቀችው።

"ምን አለ?"

"ብዙ አላወራም። ሀቢቡላህ ወደ ጓሮ ይዞት ገባ። እኔ መኪናው ጋ ነበርኩ። ሲወጣ እየሳቀ ነበር፤ ጠራቢውን 'ክራፍቲ' አለው።"

"ምን ማለት ነው?"

ሱፊያን ስልኩን አውጥቶ አሳያት። "ፈልጌዋለሁ። መሰሪ፣ ተንኮለኛ ማለት ነው።"

"እየሳቀ ነው ያለው?"

"እየሳቀ።"

ናኢማ የዚያን ዕለት እራት አልበላችም። ባሕር አቋርጦ የመጣ ሰው፣ ለማንም የማያደላ ሰው፣ ጠራቢውን አንዴ አይቶ ተንኮለኛ ካለው ጓሮ ውስጥ ያየው ነገር አለ ማለት ነው። ምን አየ? ስብራቱ ያልተገኘው፣ ይሄኛው ወንበር ቀድሞውኑ ተሰብሮ ስለማያውቅ ቢሆንስ? ያን የመሰለ እጅ ያለው ሰው አምሳያውን ሠርቶ ቢልክላት፣ ዋናውን ደግሞ ለራሱ ቢያስቀር፣ ማን ያውቅበታል?

ከዚያ በኋላ ወንበሩ ይለዋወጥባት ጀመር። ስታነሳው የቀለላት መሰላት። ስታሸተው የጢስ ሽታ አለው፤ ድሮም ነበረው ወይስ አልነበረውም? ስትቀመጥበት አይመቻትም፤ ግን ዱሮ መች ተቀምጣበት ታውቃለች? ለአርባ ዓመት ስትወለውለው የኖረችውን ዕቃ፣ ልክ እንደ ባዕድ ታጠናው ጀመር። ሱፊያን ደግሞ በተገኘ ቁጥር "አላልኩሽም?" ይላል። ምንም አላላትም ነበር፤ እሷ ግን አላረመችውም።

ጥርጣሬዋን ለፈድሊያ ብቻ ነገረቻት። ፈድሊያ ለእህቷ ብቻ ነገረቻት። ሰንበትበት ሲል ወሬው ገበያውን ሞላው።

ያን ሰሞን ትልቅ ዕርቅ ተቀጥሮ ነበር። ሸኩር የሚባል የቡና ገበሬ ታናሽ ወንድሙ በጭነት መኪና ተገጭቶ ሞቶበታል፤ የሹፌሩ ቤተሰብ ደም ሊያደርቅ፣ ካሣ ሊቆርጥና ሊታረቅ ሽማግሌ ልኳል። ቀኑ ሲቃረብ ሸኩር ራሱ ናኢማ ግቢ መጣ። ወደ ቤት አልገባም፤ በረንዳው ጫፍ ላይ ቆሞ ወንበሩን አየው።

"አዴ ናኢማ፣ እኔ ሽማግሌዎቹን አከብራለሁ" አለ። "ግን የወንድሜን ደም የማደርቀው አባቶቻችን ባደረቁበት ወንበር ነው። ወንበሩ የውሸት ከሆነ ዕርቁም የውሸት ነው። ልቤ አይቀበልም።"

"ማን የውሸት ነው አለህ?"

"እርስዎ ነዎት ያሉት ይባላል።"

ናኢማ በነጋታው ወንበሩን በብርድ ልብስ ጠቅልላ ፒካፑ ላይ አስጫነችና ከሱፊያን ጋር ወደ ጅማ ወረደች።

መጀመሪያ የሄደችው ሰቶ ሰመሮ ሰፈር፣ ጋሽ ሣህሉ ቤት ነው። ጋሽ ሣህሉ ጡረታ የወጡ የእንግሊዝኛ አስተማሪ ናቸው፤ ቲጃኒን በልጅነቱ አስተምረውታል። ነገሩን አንድ በአንድ ነገረቻቸው። ቃሉ ላይ ስትደርስ ፈገግ አሉ።

"ያ ቃል ሲወለድ ስድብ አልነበረም" አሉ። "ድሮ ድሮ ጉልበት ማለት ነበር። ቆይቶ የእጅ ሙያ ማለት ሆነ። ክራፍቲ የተባለ ሰው ጎበዝ ባለሙያ ነው ማለት ነው፤ ሰው የሚኮራበት ስም።"

"ታዲያ ተንኮል ከየት መጣ?"

"ከተመልካቹ ነዋ። ሰው እንዴት እንደተሠራ ያልገባውን ነገር ይፈራል። ይህን የቻለ ሌላም ይችላል ይላል። እየቆየ ፍርሃቱ ቃሉ ላይ ተለጠፈና ሙያው ተረሳ፣ ተንኮሉ ብቻ ቀረ። ምን እንግሊዞቹን ብቻ ትያለሽ፣ እኛስ? አዋቂ ማለት የሚያውቅ ሰው ነው። 'እከሊት አዋቂ ቤት ሄደች' ቢሉሽ ግን ምን ይመስልሻል? ጠይብስ? ጠቢብ ከሚለው የመጣ ነው ይላሉ። ጠቢብ ብለን የጠራነውን ሰው ነው መልሰን በዓይኑ ይበላናል ብለን የሸሸነው።"

ናኢማ ጠጋ አለች። "እንግዳው የቱን ሊል ፈልጎ ነው ታዲያ? የድሮውን ወይስ የዛሬውን?"

"ዛሬ ቃሉ ሲነገር የሚሰማው ተንኮሉ ነው። የእጅ ሥራ የሚሆንለትን ሰው በጨዋታ እንደዚያ የሚሉም አሉ። የሰውየውን ልብ ግን እኔ በምን አውቄ?"

አመስግና ተነሳች። ደጅ ስትወጣ ጥርጣሬዋ ከገባችበት ጊዜ በቅንጣት አልቀነሰም። እንዲያውም የባሰ ሆነባት፤ ሙያና ተንኮል አንድ ቤት የሚያድሩ ከሆነ፣ ሰውየውን በምን ትለየዋለች?

ሄርማታ ሲደርሱ በር የከፈተችላቸው የሀቢቡላህ ሚስት ሂንድ ናት፤ በደስታ ተቀብላ ወንበር አቀረበችላቸው። ሀቢቡላህ የእንጨት ብናኙን ከክንዱ እያራገፈ መጣ። አምሳ ዓመት የሚሆነው፣ ዝግ ብሎ የሚናገር ሰው ነው። ፒካፑ ላይ ያለውን ጥቅል ሲያይ ፊቱ ተለወጠ።

"አዴ ናኢማ፣ ምን ሆነ? ተነቃነቀ?"

"አልተነቃነቀም። የመጣሁትም ለዚሁ ነው። ኦቦ ሀቢቡላህ፣ ጓሮዎን ያሳዩኝ።"

ሰውየው ትንሽ ዘገየ። ያቺን መዘግየት ናኢማ አላለፈቻትም። ከዚያ ፊት ፊት መራቸው። በቆርቆሮው ዳስ ሥር፣ ከተቆለለው ግንድ ጎን፣ ላስቲክ የለበሰ ነገር ነበር። ሱፊያን ሳይጠየቅ ላስቲኩን ገፈፈው።

ወንበሩ ነው። ባለሦስት እግር፣ ያው መደገፊያ፣ ያው ቅርጽ፣ ያው ጥቁረት።

"ይኸውልሽ" አለ ሱፊያን።

ናኢማ ቀርባ ጥቁረቱን በጣቷ ነካች። "ይሄ ምንድን ነው?"

"የእርስዎን አይቼ የሠራሁት ነው።"

"ለማን?"

"ለማንም። እጄ እንዲማር ነው። የድሮ ሰዎች እንዴት እንደፈለፈሉት በዓይን ብቻ አይገባም፤ ካልሠሩት አይገባም።"

"ጥቁረቱስ? አዲስ እንጨት እንዲህ አይጠቁርም።"

"አጭሼ ዘይት ቀባሁት። እሱንም መማር ነበረብኝ።"

"ለምን አልነገርከኝም?" ከዚህ በኋላ እርስዎ ማለቱን ተወችው።

"ብነግርዎ ወንበሩን ይተዉልኝ ነበር?"

አትተውም ነበር። እሷም ታውቀዋለች። ቢሆንም መልሱ ያለቀለት ሆነባት፤ የሚጎድለው ነገር የለም፣ እንደ ጥገናው። የራሷን አስወርዳ ከጎኑ አስቀመጠችው፤ ዞረቻቸው፣ ዳበሰቻቸው፣ አሸተተቻቸው። ሁለቱም ጢስ ጢስ ይላሉ።

"ኦሪጅናሉ የቱ ነው?" አለ ሱፊያን።

"ይዛችሁ የመጣችሁት" አለ ሀቢቡላህ። "የእኔ ተሰብሮ አያውቅም። ስብራት ያለው የእናንተው ነው።"

"ስብራቱ የታለ?" አለች ናኢማ።

"ውስጡ ነው።"

"አሳየኝ።"

"ላሳይዎ ብል መልሼ መስበር አለብኝ።"

"ማምለጫ ነው፣ እማ" አለ ሱፊያን። "እንደማታደርጊው ያውቃል።"

ናኢማ ሁለቱን ወንበሮች አየች። ሰውየው እውነቱን ከሆነ፣ መጀመሪያ በልጇ እጅ የተሰበረው አሁን በእሷ ቃል ሊሰበር ነው። ዝም ብላ ብትመለስ ደግሞ ሸኩር አይቀመጥም፣ የወንድሙ ደም ሜዳ ላይ ይቀራል፣ እሷም ዕድሜዋን ሙሉ ያን እግር በጥፍሯ ስትፍቅ ትኖራለች።

"ስበረው" አለች።

ሀቢቡላህ መሮና መዶሻውን አመጣ። ወንበሩን አጋደመው። መዳፉን እግሩ ላይ አሳርፎ ጥቂት ቆየ፤ የታመመ ሰው የሚዳብስ ይመስል ነበር። "ቢስሚላህ" ብሎ መሮውን አንድ ቦታ ላይ አቁሞ መታ። ደግሞ መታ። እንጨቱ ተንቋቋ፤ እግሩም እንደዚያን ጊዜው ለሁለት ተከፈለ።

ናኢማ ተንበረከከች። ተሰባብሮ ጥርስ ያወጣው የበፊቱ ስብራት፣ ስንጥር በስንጥር ተገጣጥሞ፣ መሐሉ ላይ ቀጭን የእንጨት ችንካር ገብቶበታል። ከችንካሩ ጎን ያ የነቀዝ መንገድ፣ ጥቁር ክር መስሎ፣ ከአንዱ ቁራጭ ወደ ሌላው ያልፋል። ይህን ማንም አስመስሎ ሊሠራው አይችልም።

ሱፊያን ወደ መኪናው ሄደ። እናቱ በጀርባው አየችው፤ ያን ሁሉ ሰሞን ከእሱ የባሰ ጥፋተኛ ሲፈልግ እንደነበር ያን ጊዜ ገባት። እሷም ለጥርጣሬዋ የሚመቻትን ስላገኘች አላስቆመችውም ነበር።

"አፉ ይበሉኝ" አለች፣ ወደ እርስዎ ማለቱ ተመልሳ።

ሀቢቡላህ መሬት የወደቁትን ስንጥሮች አንድ በአንድ እየለቀመ መዳፉ ላይ ያኖር ነበር። ለቅሞ ሲጨርስ፣ "እንደ በፊቱ ልሥራው ወይስ የሚታይ ይሁን?" አላት።

"የሚታይ ይሁን።"

ከነጭ እንጨት ሰፊ ማሰሪያ ጠርቦ በእግሩ ላይ ደረበበት፤ በጉልህ ችንካር መታው። ከሩቅ የሚታይ፣ ቁስል ላይ የተጠመጠመ ጨርቅ የሚመስል ጥገና። የትኛውም ጀማሪ ይሠራዋል። ናኢማ አጠገቡ ቁጭ ብላ ፊቱን ስታይ፣ ከመጀመሪያው ይልቅ ይሄኛው እንዳደከመው ተረዳች።

የዕርቁ ቀን ሸኩር ከሁሉ ቀድሞ መጣ። ጎንበስ ብሎ ነጩን ማሰሪያ አየ፣ በጣቱ ነካው፣ ራሱን ነቀነቀ። "እሱ ነው" አለና ሽማግሌው እንዲቀመጡ አመለከተ። ተቀመጡ። ጉዳዩ ከረፋድ እስከ ቀትር ሲመከርበት ቆይቶ አለቀ፤ ሸኩርና የሹፌሩ አባት ተቃቅፈው ተላቀሱ። የመጣው ሰው ሁሉ ወንበሩን እያየ አለፈ። ያንን ጥገና አይቶ "እጁ ይባረክ" ያለ አንድም ሰው አልነበረም፤ ግን ሁሉም አመኑት።

ሀቢቡላህ ተጠርቶ ነበር። ሥራ አለብኝ ብሎ ቀረ።

ለዒድ ናኢማ ማርና ጥሩ ቡና ይዛ ብቻዋን ሄርማታ ሄደች። በሩን ስታንኳኳ ሂንድ ከፈተችላት። ሰላምታ ተለዋወጡ። ሂንድ ግን ከበሩ ፈቀቅ አላለችም፤ ዓይኗ ከናኢማ ፊት ወደ ዘንቢሉ ወረደ፣ ከዘንቢሉ ደግሞ ወደ እጇ ተመለሰ፣ ከማሩና ከቡናው ሥር ሌላ የተደበቀ ነገር ይኖር እንደሆነ እንደሚመረምር ሰው። ናኢማ ያን አስተያየት ታውቀዋለች። ዘንቢሏን እንደያዘች ቆመች፤ አልተቀየመችም፣ ሂንድ አይታ እስክትጨርስ ጠበቀች።

ከውስጥ የመዶሻው ድምፅ ቆመ።

"ማን ነው?" አለ ሀቢቡላህ።

ሂንድ በሩን እንደያዘች አንዴ ደግሞ ዘንቢሉን አየች።