በማርያም የተለመነች አለቃ

ዲቦራ መኪናዋን መቆም በተከለከለበት ቀይ በተቀባ የመንገድ ጠርዝ ላይ ፓርክ አደረገች። ቢፈልጉ ይጎትቱት፤ ዛሬ ግድ የላትም። የእናቷን የለተማርያምን የፌርፋክስ ሱቅ በር በርግዳ ስትገባ፣ የራሷ የሆስፒታል አለቃ እትዬ ዘርትሁን ሽሮ ስታስመዝን ደረሰችባት።

«ጥሩ፤ ሁለታችሁም አላችሁ» አለች ዲቦራ። «አሁን ነርስ የሚቀጥረው ኤጀንሲ ደውሎልኝ ነበር። የቤከርስፊልዱን ሥራ ለሌላ ነርስ ሰጡት። ሱፐርቫይዘርሽ ስለ አንቺ ጥሩ አልተናገረችም አሉኝ።»

እናቷ ሚዛኑ ላይ አቀረቀረች።

ዲቦራ ከከተማ ከተማ እየተዘዋወረች የምትሠራ ትራቭል ነርስ ለመሆን ወራት ደክማለች። ክትባቱን፣ ፈተናውን፣ የሌላ ስቴት የሥራ ፈቃዱን ሳይቀር ጨርሳ የቀራት የአለቃ ምስክርነት ብቻ ነበር። እሱን ደግሞ ከእጇ እንደገባ ቆጥራዋለች። የበሽተኞቹን ዋርድ ለእሷ ጥላ ሄዳ ጋደም የምትል ሴትዮ ምን ክፉ ነገር ትላለች?

«ምን አልሻቸው፣ እትዬ ዘርትሁን?»

«ለብቻዋ በሽተኛ ለመያዝ ገና ናት አልኩ።» ዘርትሁን ድምጿን ዝቅ አደረገች። «ምን ላድርግ የኔ ልጅ? እናትሽ ማኅበራችን ላይ ጽዋው ፊት፣ እንዳትሄድ አድርጊልኝ በማርያም ብላ ለመነችኝ። በማርያም የተለመነ ሰው እንቢ ይላል?»

«ማርያም ዋሺ አለችሽ?»

ዲቦራን ያንገበገባት ሥራው ማምለጡ ብቻ አልነበረም። ስሟ ነው። ስንት ሰው ከሞት አፋፍ የመለሰችበት እጅ በሽተኛ የማይታመንበት ተባለ፤ ያውም አብረዋት በሚቆርቡ ሰዎች።

«እሷን ተያት፣ ጥፋቱ የኔ ነው» አለች ለተማርያም። «ሄደሽ እዚያው ትቀሪያለሽ ብዬ ፈራሁ። ካንቺ ሌላ ማን አለኝ?»

«እማዬ፣ ቤከርስፊልድን ለምን የመረጥኩት ይመስልሻል? እሁድ እሁድ ድራይቭ አድርጌ ልመጣልሽ ነበር እኮ።»

ለተማርያም የቆጡን አወርድ ብላ የብብቷን መጣሏ ያን ጊዜ ገባት። ልጇን አንድ ቀን እንኳ የት ነው የምትሄጂው ብላ አልጠየቀችም።

ዲቦራ ኤጀንሲው ጋ ደወለችና ስልኩን ስፒከር ላይ አድርጋ ከሽሮው አጠገብ አስቀመጠችው። «እውነቱን ንገሪያቸው። ካልሆነ ነገ የሆስፒታሉ ሠራተኛ አስተዳደር፣ ኤች አር ቢሮ እንገናኛለን።»

ዘርትሁን ግንባሯን እየጠረገች በእንግሊዝኛ ተናገረች፤ ተሳስቻለሁ፣ ዋርዴ ውስጥ ከእሷ የምትሻል የለችም አለች። የኤጀንሲው ሰውዬ አመስግኖ መዘገበ። ቤከርስፊልድ ግን አልቋል፤ ያለው ሳንዲዬጎና ኖርዝ ዳኮታ ነው፣ የቱን ላስይዝልሽ ሲል ዲቦራን ጠየቃት። ሳንዲዬጎ በመኪና የግማሽ ቀን መንገድ እንኳ አይሞላም። ሌላው በአውሮፕላን የሚኬድበት የበረዶ አገር ነው።

ለተማርያም የልጇን እጅ ያዘች። «ሳንዲዬጎ በይ» አለች በሹክሹክታ። «በማርያም።»

ዲቦራ እጇን ቀስ ብላ አስለቀቀችና ወደ ስልኩ ጎንበስ አለች።

«ኖርዝ ዳኮታ» አለች።