ከስልክ የሚሞቅ ውሃ

እማማ ልጃቸው ከመንገድ በተመለሰ ማግስት ሻንጣቸውን ሸክፈው ሳሎን ተቀመጡ። ቁርጥ አድርገው ወስነዋል፤ እህቱ ቤት ያድርሳቸው። ከምራታቸው ጋር አንድ ጣሪያ ስር መኖር ከእንግዲህ በቃኝ ብለዋል።

ጠቡ የተጀመረው በውሃ ማሞቂያው ነው። እማማን ጉልበታቸውን ያማቸዋል፤ ከሰዓት በኋላ በሙቅ ውሃ ካልታጠቡ ሌሊቱን ሲገላበጡ ያድራሉ። ታዲያ ጠዋት ማሞቂያውን ያበሩና እርግፍ አድርገው ይረሱታል። ቀኑን ሙሉ በከንቱ ሲነድ፣ ቆጣሪው ሲበር ይውላል። በመጨረሻ ምራታቸው፣ "እማማ፣ ከእንግዲህ ማሞቂያውን አይንኩት፤ ኤሌክትሪክ ሠራተኛው ከስልክ የሚበራ አድርጎልናል" አለቻቸው። እማማ የሰሙት "አይንኩት" የሚለውን ብቻ ነው። ሆድ ባሳቸው። በገዛ ልጃቸው ቤት ውሃ ተከለከሉ!

በማግስቱ ከሰዓት ግን ማንም ሳይነካው ማሞቂያው ቀጭ አለና ቀይ መብራቱ በራ። ከስልክ ነው ተብሏል። እንግዲህ ስልክ ይዞ እናቱን የሚያስብ ማን ሊሆን ነው? የከባድ መኪና ሾፌሩ ልጃቸው ነዋ! "እዚያ አቧራ ውስጥ ሆኖ እንኳ ጉልበቴን አልረሳም" አሉና እንባቸው መጣ። ከዚያ ወዲህ ማሞቂያው ቀጭ ባለ ቁጥር ምርቃቱን ያወርዱለታል። ምራታቸው ከምትሠራበት ፀጉር ቤት ስትመለስ ደግሞ ጆሮዋ እንዲደርስ ድምፃቸውን ከፍ አድርገው ይደግሙታል።

"ልጄ እጁ ይባረክ! እሱ ባይኖር በቀዝቃዛ ውሃ ደርቄ ቀርቼ ነበር።"

"አሜን፣ እማማ" ትልና ወጥ ቤት ትገባለች። ይቺ አሜን አልተዋጠችላቸውም፤ የለየላት ሹፈት መሰለቻቸው።

አሁን ሾፌሩ ሶፋው ላይ ተጋድሞ ድካሙን ያወጣል። ሻንጣውን ሲያይ ቀና አለ።

"እማዬ፣ ይሄ ደግሞ ምንድን ነው?"

"እህትህ ቤት አድርሰኝ። አንተ ታስብልኛለህ እንጂ፣ ሚስትህ እንኳን…"

ሳይጨርሱ መታጠቢያ ቤቱ ውስጥ ቀጭ አለ።

"ይኸው! ተኝተህም ታበራልኛለህ?"

"ምኑን?"

"ማሞቂያውን ነዋ፣ በስልክህ!"

ሾፌሩ ሳቁን መቆጣጠር አቃተው። "ስልኬማ ጥገና ቤት ነው ያለው። ደግሞ እኔ አንድ ቀንም አብርቼው አላውቅ። በምሄድበት አገር ኔትወርክ የት ተገኝቶ? እሷ ናት እንጂ። የሰው ፀጉር ይዛ ቆማ ሰዓቷን ታያለች። 'ቀድሜ ካበራሁት በከንቱ ይነድዳል፣ ከዘገየሁ እማማ በቀዝቃዛ ይታጠባሉ' ትላለች።"

"ታዲያ አፍ የላትም? ለምን አልነገረችኝም?"

"ትናንት ማታ ምርቃቱን ስታወራልኝ እኔም ጠይቄያት ነበር። 'እናት ልጇን ስትመርቅ እንዴት አቋርጣለሁ?' አለችኝ።"

እማማ መግቢያ ቀዳዳ አጡ። ለእሷ የሚገባውን ምርቃት እፊቷ ለሌላ ሲያድሉ፣ ልጅቷ አሜን እያለች ከርማለች። እሳቸው ደግሞ ትተዋት ሊሄዱ ነበር! ሻንጣውን ወደ ክፍላቸው እንዲመልስላቸው በዓይናቸው አመለከቱትና ትንሿን ስልካቸውን አነሱ።

"እማማ! ምነው፣ ውሃው አልሞቀም እንዴ?" አለች ምራታቸው፣ የፀጉር ማድረቂያው ከኋላዋ እየጮኸ።

"ሞቋል፣ የኔ እናት፣ ሞቋል።" "እግዜር ይስጥልኝ። እስከዛሬ ያላወቅኩልሽን ሁሉ እሱ ይክፈልሽ። ክፉ አይንካሽ፣ ዕድሜሽ ይርዘም።"

ከወዲያ በኩል የማድረቂያው ጩኸት ቆመ።

"እማማ… አሜን" አለች።

"አይዞሽ። ዛሬ ግን እኔ ቀድሜ አልታጠብም፤ ቀድመሽ የምትታጠቢው አንቺ ነሽ። ሥራሽን ጨርሰሽ ቶሎ ነይ።"

ስልኩን ዘጉና ወንበር ጎትተው መታጠቢያ ቤቱ በር ላይ ተቀመጡ። ጥቂት ቆይቶ ሾፌሩ ፎጣ ትከሻው ላይ ጥሎ እያፏጨ መጣ።

"ወዴት ነው?" አሉት።

"ልታጠብ ነዋ። ውሃው ሞቆ የለ?"

"አንተ በቀዝቃዛው ታጠብ" አሉ እማማ፣ ከወንበራቸው ሳይነቃነቁ። "ልጄ ቆማ ነው የዋለችው።"